ምንጣፍ የተነጠፈባት መደብ

ከተመለስኩ ወዲህ ሸዋ ሮቢት ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ፏፏቴው ነው። ካናዳ ድረስ ሄዳ ያን የታወቀ ፏፏቴ ሳታይ የምትመለስ ሴት መኖሯን የሚያምን የለም። አላየሁትም። ልናይ የተቀጣጠርንበት ቅዳሜ አንድ የቲማቲም መደብ ላይ ምንጣፍ አንጥፈን እንግዳ ስንጠብቅ ዋልን። ነገሩን በቃል ስናገረው እኔው ራሴ ስለምደናገር ከመጀመሪያው ቀን አንስቼ እንደሆነው ጻፍኩት።

ሰኞ

በጠዋት ሚኒባስ ተነሣሁ። ጣርማበር ላይ ጭጋጉ መንገዱን ውጦት ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነበር የሚነዳው፤ እኛም አብረነው አንገታችንን እናሰግጋለን፣ እንደሚጠቅመው ሁሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ሽሮ በላን። ጊዜው ፍልሰታ ነው፤ ጾሙን አየር ላይ እንዴት እንደምጾም ሳስብ አዲስ አበባ ደረስኩ።

እኔ የወረዳችን ግብርና ጽሕፈት ቤት የአትክልትና ፍራፍሬ ባለሙያ ነኝ፤ ብዙነሽ እባላለሁ። የምሄደው ታላቅ እህቴ እትዬ ፀሐይ ዘንድ ነው። ባለቤቷ ጋሽ መክብብ በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል ወጥተው ቶሮንቶ የገቡ ሰው ናቸው። እዚያው ኢቶቢኮ በሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ እስከ ጡረታ ሠሩ። ሌላው ጡረተኛ አረፍ የሚልበት ወንበር ሲፈልግ እሳቸው ከከተማው ወጣ ብለው መሬት ተከራዩና አትክልት መዝራት ጀመሩ። በደወሉ ቁጥር "አንቺ ባለሙያዋ፣ መጥተሽ አታዪልኝም?" ይሉኛል። እኔም ትንሽ እኮራለሁ። የጠየቁኝን የሸዋ ሮቢት የቃሪያ ዘር በጨርቅ ቋጥሬ በቦርሳዬ ይዣለሁ።

ማክሰኞ

ቶሮንቶ አውሮፕላን ማረፊያ አንዲት ጉምሩክ ሠራተኛ ዘር ይዤ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሙያዬ ነውና መዋሸት አልሆነልኝም፤ "አዎ" አልኩ። ቋጠሮውን በሁለት ጣቷ አንሥታ ወሰደችው። ቀጥላ በቅርቡ እርሻ ላይ ነበርሽ ወይ አለች። "በየቀኑ" አልኳት። ጫማዬን አስወለቀችኝና ጓንት አጥልቃ ሶሉ ላይ የደረቀውን የሸዋ ሮቢት ጭቃ በብሩሽ ፈግፍጋ አጠበችልኝ። አገሬ ጫማዬን የሚያጸዳልኝ ሊስትሮ ነው፤ እሱን ከፍዬ አመሰግናለሁ። ይቺን ልቀየማት ወይስ ላመስግናት ግራ ገባኝና በካልሲዬ ቆሜ እጅ ነሣኋት።

እትዬ ፀሐይ በር ላይ አቅፋኝ አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ "ምነው ከሳሽ?" ብላ ተቆጣችኝ። ቤታቸው ኢስት ዮርክ የሚሉት ሰፈር ነው፤ ትንሽ፣ ጡብ፣ ከፊቱም ከኋላውም ሣር። ጎረቤቱም ሣር፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም ሣር። ቅዳሜ ቅዳሜ አጭደው በከረጢት አድርገው ይጥሉታል አሉኝ። ላም ያላቸው አንድም አላየሁም። የእኛ ሰው ለአንድ ሸክም ሣር የሚሄደውን መንገድ አሰብኩ።

ማታ ለብቻዋ የምትኖረው ልጃቸው ሩት ከሥራ ወጥታ ልታየኝ መጣች። እዚያው የተወለደች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። የአባቷን የእርሻ ወረቀትና ስልክ ሁሉ የምትጨርሰው እሷ ናት። "ሳተርደይ ፏፏቴ እንሄዳለን፣ ኦኬ?" አለችኝ። እሺ አልኳት።

ረቡዕ

ጋሽ መክብብ በአሮጌ ፒክአፓቸው ወደ ሰሜን ነዱኝ። መሬቱን ሳየው ወርጄ በእጄ ዘገንኩት፤ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ሲጨብጡት የሚፈርስ። ቲማቲሙ ድጋፍ እንጨቱ ላይ ተጠምጥሞ ፍሬው መቅላት ጀምሯል። ጎመኑና ቃሪያው ግን ዳር ላይ በጠባብ መደብ ተገፍተዋል።

"ጋሼ፣ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ያሉት የአበሻ ሱቆች የሚለምኑዎት ጎመን ነው አላሉኝም? ይሄ ሁሉ ቲማቲም ለማን ነው?" አልኳቸው።

"ለኢንሹራንሱ ነዋ!" ብለው ሳቁ።

እስኪገባኝ ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው። መንግሥት አትክልት አምራቹን ለመደገፍ የሰብል ኢንሹራንስ አለው፤ ከክፍያው ድርሻውን ራሱ ይችላል፣ በረዶ ወይ ውርጭ ከመታህ ይክሳል። የእሳቸው ኢንሹራንስ ግን የሚሸፍነው ቲማቲሙን ነው። የአበሻ ጎመን ምን ተብሎ እንደሚመዘገብ የሚያውቅ አልተገኘም። ስለዚህ ሰው የሚፈልገውን ዳር አድርገው፣ ኢንሹራንስ ያለውን መሀል ዘሩ።

"ገበያው ጎመን ይለኛል፣ መንግሥት ቲማቲም ይለኛል። መሬቱ ምን እንደሚል የጠየቀው የለም" አሉ።

ልስቅ ብዬ የራሴ ወረዳ ትዝ አለኝ። አቮካዶ ችግኝ በነጻ በመጣ ዓመት ያፈራ ፓፓያውን ነቅሎ የተከለ ገበሬ አለን፤ ችግኙን ያደልኩት እኔ ነኝ። እንግዲህ ድጋፍ የሚባለው ነገር ባሕር ማዶም ጠባዩ ያው ነው ማለት ነው? ወይስ እዚህ ኢንሹራንስ ባይኖር ጋሽ መክብብ ከነጭራሹ አይዘሩም ነበር? ሁለቱም እውነት መሰለኝ።

ባለመሬቱ፣ ትልቅ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ፣ በትራክተሩ መጥቶ ሰላም አለን። ከሄደ በኋላ ጋሽ መክብብ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ጎረቤት ያለው ገበሬ መሬቱን ይፈልገዋል፤ ሣር ሊያበቅልበት። የቤት ፊት ሣር፣ ተጠቅልሎ እንደ ምንጣፍ የሚሸጠውን። ዘንድሮ ይሄ ቲማቲም ካልሆነልኝ የመጪውን ዓመት ኪራይ አልችልም። መጋዘን ያሳለፍኩት ዕድሜ ሁሉ ይሄን ሳስብ ነበር፣ ብዙነሽ።"

ሐሙስ

ቃሪያ በሣጥን ይዘን በሰብዌይ ዳንፎርዝ ወጣን፤ የፒክአፕ ማቆሚያ ከመፈለግ ሣጥን ተሸክሞ ባቡር መሳፈር ይሻላል አሉኝ። ባለሱቆቹ ሁሉ "ጋሽ መክብብ፣ ጎመኑስ?" ይሏቸዋል። በአንዱ ሱቅ ተጎትተን ገብተን ምስር በላን፤ ሊከፍሉ ሲሉ ባለቤቷ ተቆጣች። እንደ አገር ቤት "ሞቼ እገኛለሁ" ነው መልሱ።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። እኛ ጋ ካፊያ ብቻ ጣለ፤ መስኮት ሥር ቆመን ዝናቡ አሪፍ ነው እያልን ነበር። ስልካቸው ጮኸ። ባለመሬቱ ነው። ጋሽ መክብብ ሲሰሙ ቆዩና "ኦኬ። ታንክ ዩ" ብለው ዘጉት።

"በረዶ ነው" አሉን።

እርሻው ስንደርስ ገና ብርሃን ነበር። ቲማቲሙ ቅጠል የሚባል አልቀረውም፤ ግንዱ ተላልጦ፣ ፍሬው ተበሳስቶ መሬት ላይ ተዘርግፏል። ጎመኑ ወንፊት ሆኗል። ጋሽ መክብብ አንድ ቲማቲም አንሥተው በኮታቸው ጠረጉና መልሰው ቀስ አድርገው አስቀመጡት። እኔ አለቀስኩ፣ እሳቸው አላለቀሱም።

ከሥራ በቀጥታ የደረሰችብን ሩት እዚያው ሆና ደወለች። "ኢንሹራንሱን ኮል አድርጌያለሁ፤ ሳተርደይ ጠዋት ሰው ይመጣል፣ ፊልዱን ሊያይ። ዳዲ፣ ኢት ዊል ቢ ኦኬ" አለች። ነገ ሥራ ስላለባት ቀድማን ተመለሰች። ሌላ አልተናገረችም፤ ምን ልትናገር? እዚያ ተወልዳ ላደገች ልጅ የቀረው ሳይነገር የሚታወቅ ነው።

ዓርብ

ይሄን ቀን ባልጽፈው ደስ ባለኝ።

የመንግሥት ሰው እርሻ ሊያይ ይመጣል ሲባል የእኛ አገር ሰው ምን እንደሚያደርግ የምታነቡኝ ሁሉ ታውቃላችሁ። በወረዳችን የመስክ ጉብኝት የማዘጋጀው እኔ ነኝ። መንገዱ ይጠረጋል፣ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ኖራ ይቀባል፣ የጠወለገው ይነቀላል፣ ድንኳን ይተከላል፣ እንግዳ ይበላል። ያማረ ማሳ ያለው ሞዴል ይባልና የውሃ ሞተሩን፣ ምርጥ ዘሩን ያገኛል። ማሳው የከፋበት ሰው እንግዳ በሚመጣ ቀን እቤቱ ይውላል። ድጋፍ የሚመጣው ለሚያምር ነው። ይሄን ማንም አስተምሮኝ አላውቅም፤ በዕድሜዬ ሙሉ ያየሁት ነው።

ስለዚህ ጠዋት እትዬ ፀሐይ "ሰውየው በዚህ መካከል እንዴት ይቀመጣል? ኧረ ነውር ነው" ስትል "ለእኔ ተዪው" አልኳት። ጋሽ መክብብም የእድራቸውን ሰዎች ጠሩ። ሥራ ያልገባው ሁሉ መጣ፤ ጡረተኛው፣ የማታ ፈረቃ የሚሠራው፣ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች። የእድሩን ነጭ ድንኳን ጭነው መጡ። ካናዳ ውስጥ ደቦ አያለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበርና ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እኔ እየመራሁ የተላለጠውን ግንድ ነቀልን፣ ድጋፉን ሰብስበን ከመርን፣ የተበሳሳውን ፍሬ ለቀምን። ሴቶቹ ደኅና የሆነውን ለይተው "ለእንግዳው ፍትፍትና ስልስ ይሆናል፤ ለምን ይጣላል" አሉ። ባለመሬቱ ይሄን ሁሉ ሕዝብ ሲያይ አንጀቱ ራራና ሳንጠይቀው በትራክተሩ መጥቶ የነቀልነውን ከአፈር ቀላቅሎ ገለበጠልን። አጨበጨብንለት።

ኖራ ስላልነበረ ከቤት የተረፈ ነጭ ቀለም አምጥተን የመንገዱን ድንጋይ ቀባን።

ሲመሽ ሳትነቀል አንዲት የቲማቲም መደብ ቀረች። ሰው ደክሟል። እኔም በሙያዬ የማውቀውን አደረግኩ፤ ለጉብኝት ሳይደርስ የቀረ ነገር ሁልጊዜ የሚገባው ድንኳን ሥር ነው። ድንኳኑን እላይዋ ላይ ተከልን፣ እትዬ ፀሐይ ከሳሎን ያመጣችውን ምንጣፍ አነጠፍንባት፣ ወንበር ደረደርን። ጋሽ መክብብ ዞር ዞር ብለው አዩና "እንዲህ ጸድቶ አያውቅም" አሉኝ።

ቅዳሜ

ሩት ቀድማ ደረሰች። ከመኪናዋ ወረደችና ቆመች። የተገለበጠውን ባዶ መሬት አየች፣ ነጩን ድንጋይ አየች፣ ድንኳኑን አየች።

"ቲማቲሙ የታለ?"

"አጸዳነው" አልኳት፣ ሙገሳ እየጠበቅሁ።

"ኖ። ኖ፣ ኖ፣ ኖ። አክስቴ... ሰውየው እኮ የሚመጣው የተበላሸውን ሊያይ ነው! ካላየ አይከፍልም!"

ቃሉን ሰምቼዋለሁ፣ ትርጉሙም ገብቶኛል፣ ግን ከጭንቅላቴ አልገባ አለኝ። ጥፋትን የሚያይ የመንግሥት ሰው? ጥፋት ላሳየ የሚከፈል? ጋሽ መክብብን ዞሬ አየኋቸው። እዚያ አገር አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ እሳቸውም እንደ እኔው አፋቸውን ከፍተዋል። ኋላ እንደነገሩኝ፣ መጋዘን ውስጥ ሥራ አስኪያጅ ሲመጣ ሁልጊዜ ጠርገው ነው የሚቆዩት።

ሌላ ነገር ሳንማከር የኢንሹራንሱ አጣሪ መጣ። ወጣት ነው፣ ትሑት፣ ቦቲ ጫማ ያደረገ። "እንዴት ነዎት?" አላቸው።

"ተመስገን፣ ቬሪ ጉድ" አሉ ጋሽ መክብብ።

"ሰብሉስ?"

"ተመስገን፣ ጉድ፣ ጉድ።"

ሩት እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። ምን ይበሉ? ሰላም ላለህ እንግዳ በመጀመሪያው ቃል "ጠፋሁ" ይባላል? ሩት ፈጥና በእንግሊዝኛ ሁሉንም አስረዳችው፤ በረዶውን፣ ጽዳቱን፣ ደቦውን። ሰውየው አንገቱን እየነቀነቀ ሰማት። ክፉ ሰው አልነበረም። ነቅለን የት እንዳደረግነው ጠየቀ፤ ወደ አፈሩ ጠቆምን። ፎቶ አንሥታችኋል ወይ አለ፤ ማን አስከሬን ፎቶ ያነሣል? በገለበጥነው መሬት ላይ ወዲያ ወዲህ እየሄደ በቦቲው ጫፍ አፈሩን ቆሰቆሰ። ከዚያ "የማላየውን መጻፍ አልችልም ይላል" አለችን ሩት።

እትዬ ፀሐይ የምታውቀውን አንድ መፍትሔ አመጣች፤ ምግብ። ድንኳን ሥር አስገብታ የቲማቲም ፍትፍትና ስልስ አቀረበችለት። አስቡት እንግዲህ፤ ማስረጃውን ሠርተን በሳህን ሰጠነው። እሱ ደግሞ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነና አልበላም አለ። ከሚመረምረው ሰው ውሃ እንኳ መቀበል ክልክል ነው፤ ሕጉ ነው። የራሱን ጠርሙስ አውጥቶ ጠጣ። የእድሩ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። እኛ ዘንድ ከማዕድህ አልቀምስም ያለ ሰው ፈርዶብሃል ማለት ነው። እዚያ ደግሞ ያልቀመሰው በትክክል ለመፍረድ ነው። የትኛው እንደሚሻል እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም።

ያን ጊዜ ነው ዝቅ ብሎ ያየው። ከምንጣፉ ጠርዝ አንድ የተቦጫጨቀ የቲማቲም ቅርንጫፍ ወጥቶ ነበር። ተንበረከከና ምንጣፉን ማንሣት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ።

ሽማግሌዎቹ ሳህናቸውን እንደያዙ ተነሡ። ወንበር ወጣ፣ ጠረጴዛ ወጣ። ምንጣፉን ጠቀለልነው። ሥሩ ያቺ መደብ፣ በረዶ ልጧትና እኛ ረግጠናት ተኝታለች። በረዶ የላጠውንና እግር የረገጠውን እየለየ ግንዱን አንድ በአንድ ቆጠረ፣ ፎቶ አነሣ፣ ጻፈ። ያ ሁሉ ሰው ዙሪያውን ቆሞ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ያየዋል፤ በሙያ ዘመኔ ያንን የሚያህል የመስክ ጉብኝት አላዘጋጀሁም።

ሄደ። እኔ የምገባበት ጉድጓድ አጣሁ። ጋሽ መክብብ አጠገቤ መጥተው ቆሙና ነጭ የተቀቡትን ድንጋዮች አዩ።

"መንገዱ ግን እውነትም አምሯል" አሉኝ።

እሑድና ከዚያ በኋላ

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ እያንዳንዱም ያጽናናኛል፣ "እኔም ብሆን አጸዳ ነበር" ይለኛል። ያን ያህል ሰው አንድ ላይ መሳሳቱ አጽናናኝም፣ አስፈራኝም። የቀረው ሳምንት በዘመድ ጥየቃ አለቀ። ፏፏቴውን ያነሣ አልነበረም። እትዬ ፀሐይ ስትሸኘኝ ሻንጣዬ አልዘጋ እስኪል ልብስ ጠቀጠቀችበት፤ ጋሽ መክብብ ሚዛኑን በእጃቸው እየገመቱ "ያልፋል፣ ያልፋል" አሉ። አላለፈም፤ ግማሹን አውጥተን በፌስታል ያዝኩት።

ቦሌ ስደርስ የጫማዬ ሶል ላይ የእሳቸው ጥቁር አፈር ደርቆ ነበር። ማንም ስለ ጫማዬ አልጠየቀኝም።

ሥራ እንደገባሁ የዞን እንግዶች ለጉብኝት መጡ። ኖራው ተበጠበጠ። በዚያው ቀበሌ ትል ማሳዋን ሙልጭ አድርጎ የበላባት አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷ ጋ ልውሰዳቸው ወይስ አልውሰዳቸው እያልኩ ብሩሹን እንደያዝኩ ቆምኩ። ጠየቅኳትም። "ለምን ታዋርጂኛለሽ?" አለችኝ። እንደ ሁልጊዜው ያማረው ጋ ወሰድኳቸው። ሞተሩንም ያማረው ወሰደ።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ መክብብ ደወሉ። ድምፃቸው ደኅና ነው።

"ተወሰነልኝ" አሉ። "ምንጣፍ ላነጠፋችሁባት መደብ ብቻ ከፈሉኝ።"

"መሬቱስ ጋሼ?"

"ሣሩ ወሰደው። ባለመሬቱ ግን ያቺን መደብ ለእርስዎ ትቼያለሁ አለኝ፤ ኪራይም አልጠይቅም ብሏል። ለዚህ ነው የደወልኩልሽ። በጸደይ ምን ልዝራባት?"

እኔም ገበሬ እንዲህ ሲጠይቀኝ ምን ጊዜም ድጋፍ ያለውን እንደማስቀድመው ከአፌ አመለጠኝ። "አሁን ኢንሹራንሱ የሚሸፍነው የቱን ነው?" አልኳቸው።

"እኔ እኮ የጠየቅኩሽ ምን እንደሚበቅልባት ነው፣ ብዙነሽ።"

አፈሩን በእጄ ዘግኜዋለሁ፤ ላውቀው ይገባኝ ነበር። ስልኩን በአንድ እጄ ይዤ የዘገንኩበትን መዳፌን ዘርግቼ አየሁ። እሳቸውም አልዘጉትም።